ፕሮቲን ዱቄት ይጎዳል ወይ ላልከው ወንድሜ፣ ከሐዋሳ

ሰላም ወንድሜ፣ ሰላም የግሩፑ ቤተሰብ።

ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። ብረት ማንሳት ከጀመርክ ጥቂት ወራት ሆኖሃል። 62 ኪሎ ነህ፤ መጨመር ትፈልጋለህ። ዌይ ፕሮቲን ስትጀምር ሆድህን ነፋህ፣ ተቅማጥም አመጣብህ። ቤት ውስጥ «ኩላሊትህን ይጨርሰዋል» ብለው አስፈሩህ። ጂም ያሉት ጓደኞችህ ደግሞ «ምንም አያደርግም፣ ዝም ብለህ ጠጣ» አሉህ። የቱን ልመን ነው ያልከው።

እኔ እዚሁ ሐዋሳ ብረት ሳነሳ ዓመታት አልፈዋል። ጀማሪዎችንም አሠራለሁ። ሐኪም አይደለሁም። ግን ብዙ ልጅ በዚህ ዱቄት ሲጠቀምም ሲቸገርም አይቻለሁ፤ ስለሱ የሚጻፈውንም እከታተላለሁ። ስለዚህ ረዘም ቢልም ታገሰኝ።

አጭሩ መልስ ይኸውልህ። ኩላሊቱ ጤነኛ ለሆነ ሰው ፕሮቲኑ ራሱ በልክ ከተወሰደ የሚያስፈራ ነገር የለውም። እስካሁን ያየሁት ችግር ከሞላ ጎደል የመጣው አብሮት ከገባው ነገር ነው፦ ከወተቱ ስኳር፣ ከማጣፈጫው፣ ዕቃው ላይ ካልተጻፈ ሆርሞን። አንዳንዴ ደግሞ ሰውየው ሳያውቀው አብሮት ከኖረ በሽታ።

ከሆድህ እንጀምር። ዌይ ማለት አጓት ነው። አይብ ሲወጣ የሚቀረው ፈሳሽ ተጣርቶና ደርቆ ነው ዱቄት የሚሆነው። አጓት ውስጥ ላክቶስ የሚባል የወተት ስኳር አለ። እሱን የሚፈጨው ኢንዛይም ብዙ ሰው ላይ ካደገ በኋላ ይቀንሳል። በአገራችንም እንዲህ ዓይነት አዋቂ ብዙ ነው። ለትውልድ በወተት የኖሩ አርብቶ አደሮች ዘንድ ግን ወተት የሚስማማው ሰው ይበዛል። ያልተፈጨው ስኳር ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል። እዚያ ባክቴሪያ ያብላላዋል፣ ጋዝ ይፈጥራል፣ ስኳሩም ውሃ ወደ አንጀት ይስባል። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን አንተው ጽፈኸዋል፦ መንፋት፣ ማጉረምረም፣ ቁርጠት፣ ተቅማጥ።

እስቲ ራስህን ጠይቅ። አንድ ብርጭቆ ትኩስ ወተት ስትጠጣስ ሆድህ እንዲህ ይሆናል? እርጎና አይብስ ከወተቱ ይሻሉሃል? መልሱ አዎ ከሆነ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ላክቶስ ነው። አሁን ዕቃውን አዙረህ ጀርባውን አንብብ። ዌይ ኮንሰንትሬት የሚለው ርካሹ ነው፤ ላክቶሱ ሳይወጣ በውስጡ ይቀራል። ዌይ አይሶሌት የሚለው የበለጠ የተጣራ ነው። ፕሮቲኑ 90 በመቶ አካባቢ ይደርሳል፣ ላክቶሱ ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ዋጋው ወደድ ይላል። ነገር ግን ርካሹን ገዝቶ ግማሹን ሽንት ቤት ከመጨረስ ይሻላል።

ፊት ለፊት በትልቁ «አይሶሌት» ተብሎ የተጻፈበትን ሁሉ አትመን። የንጥረ ነገሮቹን ዝርዝር ተመልከት። ዝርዝሩ የሚጻፈው በብዛታቸው ቅደም ተከተል ነው። ኮንሰንትሬት መጀመሪያ ላይ ከተቀመጠ፣ አይሶሌቱ ለስሙ ጣል የተደረገ ሊሆን ይችላል።

ዱቄቱን በወተት ነው በውሃ የምትበጠብጠው? አልጻፍክም። በወተት ከሆነ በላዩ ላይ ተጨማሪ ላክቶስ እየጨመርክ ነው። ለሁለት ሳምንት ያህል በውሃ አድርገው። ሙሉ ስኩፕ (አብሮት የሚመጣው መለኪያ ማንኪያ) መውሰዱን ትተህ በግማሽ ጀምር፤ ምግብ ከበላህ በኋላ ጠጣው። ጨጓራ ያለበት ሰው በባዶ ሆድ፣ በዚያ ላይ ቡና ደርቦበት ይጠጣና ማቃጠሉን ዱቄቱ ላይ ያሳብባል።

አሁንም ካልተሻለህ ማጣፈጫውን ጠርጥር። አንዳንዱ ዕቃ ውስጥ ሶርቢቶል ወይም ማልቲቶል አለ። እነዚህ በዛ ሲሉ የማንንም ሆድ ያላላሉ። ጣዕም የሌለውን ዱቄት ሞክር፤ ልዩነቱን ራስህ ታየዋለህ።

ስለ ሆድ ሳወራ የማልዘለው ነገር አለ። ብዙ ልጆች ጠዋት ቤት በጥብጠው፣ ሼከሩን (መበጥበጫ ጠርሙሱን) ቦርሳ ውስጥ ከተው፣ ቀኑን ሙሉ ሲዞሩ ውለው ማታ ከስፖርት በኋላ ይጠጡታል። በሐዋሳ ሙቀት! የተበጠበጠ ፕሮቲን እንደ ወተት ነው፤ በሙቀት ውስጥ ባክቴሪያ ይራባበታል። ደረቁን ዱቄት ለብቻው ያዝ፣ ውሃውን ለብቻው፣ ልትጠጣው ስትል ቀላቅል። ሼከሩንም ወዲያው በሳሙና እጠብ፤ የክዳኑ ጎማ ሥር የሚቀረውን አትርሳ። ውሃው የፈላ ወይም የታሸገ ይሁን።

ይህን ሁሉ አድርገህ ተቅማጡ ከቀጠለ ግን ዱቄቱን አቁምና ሰገራ ተመርመር። ጃርዲያ ያለበት ሰው ለጊዜው ወተት አልስማማው ሊል ይችላል። ሲታከም ይመለሳል። አንድ የማሠራው ልጅ ሁለት ዓይነት ፕሮቲን ቀያይሮ ገንዘቡን ከጨረሰ በኋላ ጃርዲያ ተገኘበት። ሰገራ ውስጥ ደም ካየህ ወይም ትኩሳት ካለህ አንድም ቀን አትጠብቅ።

ወደ ኩላሊቱ ልምጣ። ቤተሰብህ ያለው ነገር ከየትም የመጣ አይደለም። ፕሮቲን ሲፈጭ ዩሪያ የሚባል ቆሻሻ ይተርፋል። እሱን የሚያስወጣው ኩላሊት ነው። ብዙ ፕሮቲን ሲበላ ኩላሊት የማጣራት ሥራውን ከፍ ያደርጋል። ጤነኛ ሰዎች ላይ ይህ ጉዳት እንደሚያመጣ የሚያሳይ አስተማማኝ ማስረጃ አልተገኘም። ኩላሊቱ ቀድሞ የተጎዳ ሰው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ለእሱ ሐኪሞች ራሳቸው ፕሮቲን እንዲቀንስ ሊነግሩት ይችላሉ። ዱቄት ሲጨምርበት በሽታውን ሊያፋጥንበት ይችላል።

ጣጣው የኩላሊት በሽታ ለረጅም ጊዜ ምንም ምልክት ላያሳይ መቻሉ ነው። ሽንት ትሸናለህ፣ ብረት ታነሳለህ፣ ደህና ነኝ ትላለህ። ስለዚህ እኔ ጋ የሚመጣ ሰው ዱቄት ልጀምር ሲለኝ መጀመሪያ ላብራቶሪ እልከዋለሁ። ደም ግፊት ይለካ። ሽንት ውስጥ ፕሮቲን መኖሩ ይታይ። የደም ክሪያቲኒን ይሠራለት፤ ኩላሊት የሚያስወጣው ቆሻሻ ነው፣ ደም ውስጥ ከበዛ ኩላሊቱ ያጠራጥራል። ስኳርም ይታይ። ይህን ሁሉ አንድ መለስተኛ ክሊኒክም ይሠራዋል፤ ወጪውም ከአንድ ጣሳ ዕቃ ዋጋ በጣም ያነሰ ነው። አንድ በአርባዎቹ ውስጥ ያለ ጋሼ የምንለው ሰው «ቦርጭ ላጥፋ» ብሎ መጥቶ፣ በዚሁ ምክንያት ነው የደም ግፊቱ ከፍ ማለቱንና ሽንቱ ውስጥ ፕሮቲን መገኘቱን ያወቀው። ዱቄቱን ሳይጀምር ሐኪም ያዘው። ዛሬም አብሮን ይሠራል፣ ክብደቱን ቀለል አድርጎ።

በዚህ ላይ ልታውቀው የሚገባ ነገር አለ። ጡንቻ የበዛበት ሰው ክሪያቲኒኑ ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል። ክሬቲን የሚባለውን የጡንቻ ጉልበት ማሟያ የምትወስድ ከሆነ ደግሞ ያው ንጥረ ነገር ሰውነት ውስጥ ወደ ክሪያቲኒን ስለሚቀየር፣ ኩላሊትህ ምንም ሳይሆን ቁጥሩ ከፍ ይላል። የጉበት ምርመራም እንዲሁ ነው። ኤኤስቲ እና ኤኤልቲ የሚባሉት ኢንዛይሞች ጡንቻ ውስጥም አሉ። ከባድ ስፖርት ከሠራህ በኋላ እስከ ሳምንት ድረስ ከፍ ብለው ሊቆዩ ይችላሉ። ከጂም ወጥቶ በቀጥታ ላብራቶሪ የገባ ልጅ «ጉበትህ ተጎድቷል» ተብሎ ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጥቷል። ስለዚህ ከምርመራው በፊት አንድ ሳምንት እረፍት አድርግ። ለሐኪሙ ብረት እንደምታነሳ፣ ምን ምን እንደምትወስድ በግልጽ ንገረው። አትደብቅ። ቁጥሩ አሁንም ካሳሰበው ሲስታቲን ሲ የሚባል የጡንቻ ብዛት ብዙም የማይነካው የኩላሊት ምርመራ አለ።

እኔን ከፕሮቲኑ ይልቅ ስለ ኩላሊት የሚያሳስበኝ ነገር የሕመም ማስታገሻው ነው። ትከሻው፣ ጉልበቱ ባመመው ቁጥር ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ውጦ ወደ ጂም የሚገባ ልጅ ብዙ ነው። በደንብ ውሃ ሳይጠጣ፣ እያላበው። እነዚህ መድኃኒቶች ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ይቀንሳሉ። ሰውነት ውሃ ሲያንሰው ደግሞ አደጋው ይብሳል። ፋርማሲ ሄዶ ያለ ትእዛዝ መግዛት ስለሚቻል ማንም አይፈራውም። ዱቄቱን ፈርተህ ዳይክሎፌናክን ካልፈራህ ፍርሃትህን ቦታ ቀይርለት።

ማስ ጌይነር የሚባለውን እየገዛህ እንዳይሆን። 62 ኪሎ የሆነ ሰው ቶሎ የሚታለለው በእሱ ነው። ዕቃው ትልቅ ነው፣ ፎቶው ያምራል። ውስጡ ግን አብዛኛው ማልቶዴክስትሪን ነው፤ ቶሎ ወደ ስኳር የሚለወጥ ዱቄት። አንዳንዱ በአንድ ጊዜ ከ300 ግራም በላይ እንድትወስድ ያዝሃል፤ ከ1000 ካሎሪ በላይ ማለት ነው። ሆድ ቢነፋ ምን ይገርማል? ኪሎ ትጨምራለህ፤ ብዙው ግን ቦርጭ ነው። ቤተሰቡ ውስጥ ስኳር በሽታ ያለበት ሰው ጭራሽ እንዳይነካው እመክራለሁ። በዚያ ብር አጃ፣ ለውዝና ሙዝ ገዝተህ ቤትህ ብትፈጨው ይሻልሃል።

ቀለል ያሉትን ቶሎ ልለፋቸው። ዌይ አንዳንድ ሰው ላይ ብጉር ያወጣል፤ በተለይ ጀርባና ትከሻ ላይ። ወተት ተዋጽኦ ኢንሱሊንንና አንዳንድ የእድገት ሆርሞኖችን ከፍ ስለሚያደርግ ነው ይባላል። ለጥቂት ሳምንታት አቁመህ ተመልከት፤ ከቀነሰ መልስህን አገኘህ። የሆድ ድርቀትም አለ፤ እሱ የሚመጣው ሰው በዱቄቱ ተማምኖ ጎመኑንና ምስሩን ሲተው ነው። ሪህ ወይም የኩላሊት ጠጠር የነበረበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይጀምር። ለወተት ፕሮቲን አለርጂ ያለበት ሰው ግን ነገሩ ከሆድ መንፋት ያልፋል። ፊት ማበጥ፣ ሽፍታ፣ ትንፋሽ ማጠር ካየህ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል።

አሁን በጣም የምፈራው ላይ ደረስን።

እነዚህ ዕቃዎች ከሚሠሩባቸው አገሮች ትልቋ አሜሪካ ናት። እዚያ በ1994 የወጣው ሕግ ለእንዲህ ዓይነት ማሟያዎች ገበያ ከመውጣታቸው በፊት እንደ መድኃኒት ፈቃድ እንዲያገኙ አያስገድድም። ማለትም «አሜሪካ የተሠራ ነው» ስለተባለ ብቻ አንድ መሥሪያ ቤት ቀድሞ መርምሮ አጽድቆታል ማለት አይደለም። የጀርመን ኮሎኝ ከተማ የፀረ-ዶፒንግ ላብራቶሪ በ2000 እና በ2001 ከ13 አገሮች 634 ማሟያዎች ገዝቶ መርምሮ ነበር። ሆርሞን አለባቸው ተብለው ያልተሸጡ ነበሩ። 94ቱ ውስጥ ዕቃው ላይ ያልተጻፈ ስቴሮይድ ነክ (ጡንቻ የሚያሳድግ) ሆርሞን ተገኘ። እነዚያ ደግሞ የታሸጉ ዕቃዎች ናቸው።

እኛ ጋ አልፎ አልፎ የማየው ከዚህ ይብሳል። ከትልቅ ጣሳ ተቀንሶ በላስቲክ እየተመዘነ የሚሸጥ ዱቄት። ማኅተሙ የተነሳ ዕቃ። የአገልግሎት ጊዜው የተፋቀ። በቴሌግራም ተዋውቀው መንገድ ላይ የሚቀባበሉት። ጓደኛዬ ነው ያመጣው ብለህ አትመን፤ ጓደኛህም ከሌላ ሰው ነው የተቀበለው። ውስጡ ምን እንደተጨመረ እሱም አያውቅም።

አንድ ልጅ ከእንዲህ ዓይነት ሻጭ የገዛውን ይዞ መጣ። «ይሄኛው ይሠራል» ይላል። እውነትም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሰውነቱ ባልተለመደ ፍጥነት ተለወጠ። ቀጥሎ ጀርባው በትልልቅ ብጉር ተሞላ። ትንሽ ነገር ያስቆጣው ጀመር። ከዚያ የጡቱ ጫፍ ሥር እብጠት ወጣ፣ ሲነካው ያመው ነበር። ይህን ለማንም ለመናገር አፍሮ ከረመ። በመጨረሻ ሐኪም ጋ አብረን ሄድን፤ ሆርሞን እንደወሰደ ሰው ነው የታከመው። እንደዚህ ያለ ምልክት ካየህ፣ ወይም የዘር ፍሬህ ካነሰ፣ ዓይንህ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንትህ እንደ ኮካ ከጠቆረ፣ ዱቄቱን በዚያው ቀን አቁም፣ ዕቃውን ይዘህ ሆስፒታል ሂድ። ማፈር አያስፈልግም። በስፖርት ውድድር የምትሳተፍ ከሆነ ደግሞ አንድ የተበከለ ጣሳ ለዓመታት ሊያስቀጣህ ይችላል። «ሳላውቅ ነው» ብሎ ማምለጥ ከባድ ነው።

ስለዚህ ስትገዛ ደረሰኝ ከሚሰጥ፣ ነገ ሄደህ ከምታገኘው ቦታ ግዛ። በውጭ አካል የተመረመሩ ዕቃዎች ላይ ኢንፎርምድ ስፖርት ወይም ኤንኤስኤፍ ሰርቲፋይድ ፎር ስፖርት የሚል ምልክት ይኖራል። የቡድን ቁጥሩንም (ዕቃው ላይ ያለውን ባች ቁጥር) በድረ ገጻቸው ማመሳከር ይቻላል። ዝርዝሩ ውስጥ ግላይሲን ወይም ታውሪን ቀደም ብለው ከተጻፉ ተጠንቀቅ። ርካሽ አሚኖ አሲድ ተጨምሮ የፕሮቲኑ ቁጥር ከፍ እንዲል ተደርጎ ይሆናል። እርሳስና ካድሚየም የመሳሰሉ ብረቶችም አንዳንድ ዱቄቶች ውስጥ ተገኝተዋል። ከዕፅዋት የሚሠሩትና ቸኮሌት ጣዕም ያላቸው በዚህ በኩል ይከፋሉ። ስለዚህ በቀን አራት አምስት ስኩፕ መጋት ምንም አይጠቅምህም፤ አንድ ይበቃሃል።

ከስፖርት በፊት የሚጠጣውን ማነቃቂያ፣ ፕሪ-ወርክአውትን፣ ፕሮቲን ነው ብለህ እንዳትሳሳት። ዋናው ነገር ካፌይን ነው። አንዱ ስኩፕ 200፣ 300 ሚሊግራም ሊይዝ ይችላል፤ ለጤነኛ አዋቂ በቀን እስከ 400 ነው ብዙም አይጎዳም የሚባለው። ቤት ሦስት ስኒ ቡና ጠጥተህ ይህን ከደረብክበት ልብህ ቢመታ፣ እጅህ ቢንቀጠቀጥ፣ ሌሊቱን ብታፈጥ ዌዩን አትውቀስ።

ለመሆኑ ያስፈልግሃል ወይ? ክብደት ለሚያነሳ ሰው በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት 1.6 ግራም አካባቢ ፕሮቲን ጥሩ ነው። ለአንተ ወደ 100 ግራም ይመጣል። ከዚያ በላይ ብትጨምር ጡንቻህ ላይ የሚታይ ነገር እምብዛም ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም አለው። 200 ግራም አጥንቱ የወጣለት ዓሣ ወደ 38 ግራም። የዓሣ ገበያው አሞራ ገደል እያለልን፣ ቆሮሶውና አምባዛው በየቀኑ ከሐይቁ እየወጣ፣ ዕቃ ከባሕር ማዶ ስንጠብቅ ያሳዝነኛል። ጥሬውን ግን አትብላ። ብርታት ይሰጣል ሲሉ እሰማለሁ፤ ፕሮቲኑ ሲበስል አይቀንስም፣ የዓሣ ጥገኛ ትል ግን በጥሬው ይተላለፋል። እንቁላልም እንዲሁ። ጥሬውን ስትውጥ ሰውነትህ የሚጠቀመው ከፕሮቲኑ ግማሹን ያህል ነው፤ ሲበስል ከ90 በመቶ በላይ ይሆናል።

ቆጮና ቡላ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሲዳማ ቤት ያደገ ሰው ቡርሳሜ (በቅቤ የሚሠራ የቆጮ ምግብ) ሲቀርብለት ጉልበት እንደሚሰጠው ያውቃል፤ ልክ ነው፣ ጉልበት ይሰጣል። ፕሮቲኑ ግን በጣም ትንሽ ነው። ቆጮ ከበላህ አብረኸው አይብ፣ ሥጋ፣ ዓሣ ወይም ባቄላ ይኑር። ጠዋት ሦስት እንቁላል፣ ቀን ሽሮ በእንጀራ፣ መክሰስ ላይ አንድ እፍኝ ለውዝ፣ ማታ ዓሣ ወይም ምስር በደንብ አድርገህ ብትበላ ከ100 ግራሙ ብዙም አትርቅም። የጎደለውን ነው ዱቄቱ የሚሞላልህ።

ጾመኛ ከሆንክ ዌይ ከወተት ስለሆነ ለጾም አይሆንም። በሁዳዴ 55 ቀን ብረት የሚያነሱ ልጆች አሉን፤ ጡንቻቸው አልጠፋም። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ለውዝና አኩሪ አተር አብዝተው ይበላሉ። የአኩሪ አተር ወይም የአተር ፕሮቲን ዱቄትም አለ። ላክቶስ የለውም፣ ስለዚህ ለአንተ ሆድም መፍትሔ ሊሆን ይችላል። ጋዙ ግን እሱም ቢሆን ለአንዳንድ ሰው አይቀርም።

እንግዲህ አሁን የያዝከውን ዱቄት ለጥቂት ቀናት አቁም፣ ሆድህ ይረጋጋ። በዚያ መሀል የነገርኩህን ምርመራ አሠራ። የዕቃውን ጀርባ፣ የንጥረ ነገር ዝርዝሩና የቡድን ቁጥሩ እንዲታይ አድርገህ ፎቶ አንስተህ እዚሁ ለጥፍልን። ከየት እንደገዛኸው፣ ማኅተም እንደነበረውም ጻፍ፤ የሻጩን ስም ግን አታውጣ። ማታ ማታ ስገባ አይቼ እመልስልሃለሁ። ግሩፑ ውስጥ ያላችሁ ፋርማሲስቶችና ነርሶችም፣ የተሳሳትኩት ካለ እባካችሁ አርሙኝ።